ትልቅ ቸርኬ ለሚገጥም መኪና የትኛው ጎማ ይሻላል?

አንድ የነቀምት መኪና ባለቤት ባለ 15 ወይም ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ሲገዛ በአብዛኛው የሚያየው መልኩን ነው። ወጪው የሚታወቀው ግን በጎማው ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ጎማ በተሳሳተ ልክ መግዛት ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። በቶዮታ ቪትዝ ላይ ከሚገኙት ልኮች አንዱ 165/70 አር 14 ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 70 የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ያሳያል። “አር” ራዲያል ጎማ ማለት ነው፤ 14 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። የጎኑ ቁመት 115.5 ሚ.ሜ ይሆናል። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ሲባዛ 231 ሚ.ሜ ይደርሳል። አንድ ኢንች 25.4 ሚ.ሜ በመሆኑ ቸርኬው 355.6 ሚ.ሜ ነው። የጎማው ጠቅላላ ቁመት እንግዲህ 586.6 ሚ.ሜ ነው።

ደንቡ ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን እንዲያጥርና ጠቅላላ ቁመቱ እንዳይለወጥ ማድረግ ነው። ልዩነቱ ከ3 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። ለባለ 15 ቸርኬ 175/60 ጎማ 591 ሚ.ሜ፣ 185/55 ደግሞ 584.5 ሚ.ሜ ስለሚሆኑ ሁለቱም ይስማማሉ። በገበያ የተለመደው 175/65 ግን 608.5 ሚ.ሜ ነው፤ ይኸውም 3.7 በመቶ ብልጫ አለው። ያን የገጠመ መኪና ቆጣሪው 100 ሲያሳይ ወደ 104 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከነቀምት አዲስ አበባ ያለውን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቆጣሪው 318 ብቻ ይመዘግባል። በኪሎ ሜትር ሒሳብ ዘይት የሚቀይርም ሆነ ኪራይ የሚያስከፍል ሰው ይሳሳታል። ጎማው ሲረዝም ሞተሩም ይከብደዋል፤ ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሾፌር ከዲዴሳ ሸለቆ ዳገት ሲወጣ ይህን ያውቀዋል።

ሒሳቡ ልክ ሆኖም ምርጫው ስሕተት ሊሆን ይችላል። ባለ 17 ቸርኬ ላይ 195/40 ጎማ 587.8 ሚ.ሜ ስለሆነ በቁመት ከፋብሪካው ልክ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የጎኑ ቁመት ግን ከ115.5 ወደ 78 ሚ.ሜ ይወርዳል። ጉድጓድ ሲመታ ቸርኬውን የሚያድነው በዚያ ጎን ውስጥ ያለው ነፋስ ነው። ለአዲስ አበባ አስፋልት የሚበቃ ጎን ከነቀምት፣ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ወደ ገጠር በሚገቡ የኮረኮንች መንገዶች ላይ ቸርኬ ያጣምማል፣ ጎማውንም ያፈነዳል።

ጭነትም መታየት አለበት። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት ያመለክታል፤ 81 ማለት 462 ኪሎ ግራም ነው። አዲሱ ጎማ ከፋብሪካው ቁጥር በታች መሆን የለበትም። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ወቅት ሰውና ጆንያ አብሮ ለሚጭን መኪና ይህ ከመልክ ይቀድማል።

ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የጎማው ስፋት ለቸርኬው ስፋት የሚሆን መሆኑን፣ የቡሎኖቹ ቀዳዳም ልክ መግጠሙን ማረጋገጥ ይኖርበታል። አንዱ ጎማ ተገጥሞ መሪው እስከ መጨረሻው በሁለቱም በኩል ሲዞር ፓራፋንጎውን መንካት የለበትም፤ ሙከራው መኪናው ሰው ተጭኖበት ቢሆን ይመረጣል። በጎማው ጎን ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ይናገራሉ።

በወለጋ መንገድ ለሚሠራ መኪና እንግዲህ ከፋብሪካው ልክ አንድ ኢንች መጨመር ይበቃል። ከሚስማሙት ሁለት ልኮች መካከልም ጎኑ 105 ሚ.ሜ የሆነው 175/60 ይሻላል፤ ይኸኛው የጉድጓዱን ምት ቸርኬው ሳይደርስ የሚቀበለው ነው።