አዱሊስ፤ የባሕር በር የነበረችው ከተማ ለእኛ የምታስተምረው

ጥንታዊት ከተማን መጎብኘት የፈረሰ ድንጋይ ቆጥሮ ለመመለስ አይደለም፤ በዚያ የኖሩት ሰዎች ምን ተቀበሉ፥ ምንስ አስረከቡ ብሎ ለመመርመር ነው እንጂ። ስለዚህ በእግራችን ለመድረስ ባይቻለን እንኳ ኅሊናችንን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፥ ወደ አዱሊስ እንልካለን።

አዱሊስ ከምጽዋ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የምትገኝ የፈረሰች ከተማ ናት። ኤርትራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ስፍራው በእርስዋ ግዛት ውስጥ ነው፤ የአዱሊስ ታሪክ ግን የአክሱም መንግሥት ታሪክ ስለ ሆነ የሁለቱም ሕዝቦች ቅርስ ነው። በመጀመሪያው ምእት ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክኛ የጻፈ አንድ ነጋዴ፥ ከአዱሊስ እስከ አክሱም የ8 ቀን መንገድ መሆኑን ገልጿል። ከደጋው የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ይወርድ ነበር፤ ከባሕር ማዶም ልብስ፥ ብርጭቆ፥ ብረት፥ ወይንና ዘይት ይመጣ ነበር። ፕሮኮፒዮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ በዚያ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ እንጂ በብረት ምስማር የተመታ አልነበረም።

ነገር ግን ከባሕር የመጣው ሁሉ በሚዛን የሚለካ ሸቀጥ አልነበረም። የወንጌል ዜና አስቀድሞ በጃንደረባው አማካይነት ወደ ሀገራችን መድረሱን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ጵጵስናና ክህነት ግን በ4ኛው ምእት ዓመት በመከራ መንገድ ተገኘ። የጢሮስ ሰው ሜሮፕዮስ በመርከብ ሲጓዝ በቀይ ባሕር ጠረፍ ቢያርፍ፥ የጠረፉ ሰዎች እርሱንና መርከበኞቹን ገደሉ፤ ሁለቱን ልጆች ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ግን ራርተው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ፍሬምናጦስ በቤተ መንግሥት አድጎ ባለ ሥልጣን በሆነ ጊዜ፥ በየቦታው ተበትነው የሚነግዱትን ክርስቲያኖች ፈልጎ አገኘ፤ የሚጸልዩበትንም ስፍራ እንዲያበጁ ረዳቸው። ከዚያም ወደ እስክንድርያ ሄዶ፥ ለእነዚህ ምእመናን ጳጳስ ይላክላቸው ብሎ ቅዱስ አትናቴዎስን ቢለምን፥ ሊቀ ጳጳሱ እርሱን ራሱን ሾሞ ላከው። እኒህም ሐምሌ 26 ቀን የምናከብራቸው አባታችን ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ናቸው።

በ6ኛው ምእት ዓመትም ንጉሡ ካሌብ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች መከራ ባሕር ለመሻገር በተነሣ ጊዜ፥ መርከቦቹ የተዘጋጁት በአዱሊስ ወደብ በገበዛ ነበር። በዚሁ ዘመን የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ወደ ከተማዪቱ መጥቶ፥ በዚያ በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሕፈት ገልብጦ በመጽሐፉ አቆየልን።

ከዚያ በኋላ የባሕሩ ንግድ ተለወጠ፤ ከተማዪቱም ደክማ በደለልና በአሸዋ ተሸፈነች። ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ፓሪቤኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ሲቆፍር የአብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ አገኘ። ለሕንፃ ጌጥ ከዋለው እብነ በረድ አንዱ ክፍል በቍስጥንጥንያ አቅራቢያ ካለው ከማርማራ ባሕር ደሴት የመጣ መሆኑን ሊቃውንት ተረድተዋል። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ድንጋይ ወደቀ፤ ያ ምርኮኛ ልጅ ያመጣው ክህነት ግን ዛሬም ይቀድሳል።

ይህን ስናስብ ልባችን ወደ አራዳ ይመለሳል። ለብዙ ዘመን የአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስን ደወል እየሰማች የኖረችው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ፈርሳለች፤ ነዋሪዎቿም ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበትነዋል። የተወለዱበትን ቤት፥ የጐረቤትን ደጃፍ ማጣት ቀላል ኀዘን አይደለም፤ የሚያዝነውንም ሰው እምነት እንደ ጐደለው አድርገን ልንወቅሰው አይገባንም። ሆኖም ከቤቱ ፍርስራሽ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ የጽዋ ማኅበሩ ሲቀር፥ ሰንበቴው ሲረሳ፥ ልጁ የንስሐ አባቱን ሳያውቅ ሲያድግ፥ ያን ጊዜ ከተማዪቱ በእውነት ትጠፋለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አባታችን ሰላማ ያደረጉትን እናድርግ። እርሳቸው ካህን ሳይሆኑ፥ በሰው ሀገር ሳሉ፥ የተበተኑትን ፈልገው ሰበሰቡ። ካህናት ሆይ፥ የንስሐ ልጆቻችሁ ከአጥቢያው ስለ ራቁ ከልባችሁ አይራቁ፤ ስማቸውን ጻፉ፥ የሰፈሩበትን ጠይቁ፥ ሄዳችሁም ጐብኟቸው። ምእመናን ሆይ፥ በአዲሱ ሰፈራችሁ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ተጠጉ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁም ማኅበሩን እንደ ገና አቁሙ። ወደብ ይዘጋል፥ ሰፈርም ይፈርሳል፤ እጅ በእጅ የተቀበልነውን አደራ ግን የማስረከብ ግዴታ የእኛ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።