የተከልነው ስንቱ ጸደቀ?

ክረምት የሥራ ወቅት ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ተማሪው ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። በብዙ አጥቢያዎችም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተሰባስበው ያለ ክፍያ ልዩ ልዩ ሥራ ይሠራሉ። የአቅመ ደካሞችን ቤት ይከድናሉ፣ የጎርፍ መውረጃ ይቆፍራሉ፣ ሕፃናትን ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ።

እኛም በደቡብ ጎንደር በአንዲት የገጠር አጥቢያ የምንኖር 34 ወጣቶች ነን። ከሐምሌ 13 እስከ ነሐሴ 12 ቀን አንድ ወር ሙሉ በቤተ ክርስቲያናችን አጸድ ስንሠራ ከረምን። ይህን የምንጽፈው ድካማችንን ለማውራት አይደለም። ከሥራው ያገኘነውን አንድ ትምህርት ለአንባቢ ለማካፈል ነው።

1. የመጀመሪያው ጥፋታችን

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ቀን 600 ችግኝ ተከልን። ከበሮ ተመታልን፣ እልል ተባለልን፣ ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን። ከዚያ በኋላ ግን ችግኞቹን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።

በግንቦት ወር ቄሰ ገበዙ ጠሩንና፣ «እናንተ ልጆች፣ እስቲ ኑ፤ የተከላችሁትን አብረን እንቁጠር» አሉን። ከአጸዱ ዳር እስከ ዳር ዞረን ቆጠርን። በሕይወት የተገኘው 41 ብቻ ነበር። ከመቶው 7 ያህል ማለት ነው።

ቄሰ ገበዙ አልተቆጡንም። «ስንት ተከላችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሞልቷል። እኔ የምጠይቃችሁ ግን ስንቱ ጸደቀ ብዬ ነው» አሉን። አንገታችንን ደፋን።

ለምን እንደ ደረቁ ስንወያይ ሦስት ምክንያት አገኘን። አንደኛ፣ ዘግይተን ነበር የተከልነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያቆም ሥራቸው ገና መሬት አልያዘም። ሁለተኛ፣ ስንጣደፍ የብዙዎቹን ላስቲክ ሳናወልቅ ቀበርናቸው። ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ እንደ ታፈነ ቀረ። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ከብት ነው። የአጸዱ ቅጥር በአንድ ወገን ፈርሶ ስለ ነበረ ከብቶች እየገቡ ችግኙን በሉት፤ የተረፈውንም ረገጡት።

2. አጸዱ ለምን ይጠበቃል?

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚጓዝ ሰው በእርሻ መካከል ጠቆር ያለ ደን ከሩቅ ካየ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ይገምታል። ለብዙ መቶ ዓመታት ለእርሻ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲመነጠር ከኖረው ያገር ደን ዛሬ በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ ያለው ነው። ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ኮሶ በየአጸዱ ይገኛሉ።

የአጸዱ ጥቅም ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ብቻ አይደለም። የደኑ አፈር ዝናቡን ይመጥጣል፤ ጎርፍ ይቀንሳል፤ ምንጭ ቶሎ እንዳይደርቅ ይረዳል። ንቦች ከአበባው ይቀስማሉ። በዙሪያው ያለውን የባቄላና የኑግ አበባ የሚጎበኙትም እነዚሁ ንቦች ናቸው። አእዋፍም የዛፍ ዘር ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሳሉ።

ነገር ግን ትልልቅ ዛፎች ስለ ቆሙ ብቻ ደን አለ አይባልም። ትልቁ ዛፍ ፍሬውን ያረግፋል። ከፍሬው ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያው ሲያድግ ያረጀውን ይተካል። ከብት በየዓመቱ ቡቃያውን ከጨረሰው ግን ደኑ ልጅ እንደሌለው ሽማግሌ ይሆናል። ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ ሲወድቅ ቦታውን የሚይዝለት የለም። ስለዚህ ከመትከል በፊት የፈረሰውን ቅጥር መዝጋት ይገባን ነበር።

3. ካቡን እንዴት ሠራን?

በየቀኑ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እንሠራ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ሲገባ ግን 5 ሰዓት ላይ እያቆምን፣ ታጥበን ወደ ቅዳሴ እንገባለን። እሑዶችና በዓላት ሲቀነሱ ከወሩ የቀረን 20 የሥራ ቀን ብቻ ነበር።

ድንጋይ ከየት ይምጣ? ገበሬዎች፣ «ከማሳችን ልቀሙ፤ ማረሻ እየሰበረብን ተቸግረናል» አሉን። ጤፍ ገና ካልተዘራባቸው ማሳዎች ድንጋዩን ለቅመን ተሸከምን። እነሱ መሬታቸው ጠራላቸው፤ እኛም የካብ ድንጋይ አገኘን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ሥራው ቀለለን።

በስድስተኛው ቀን ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጧት ስንመጣ ከካቡ 12 ሜትር ያህሉ ፈርሶ ጠበቀን። ከእኛ አንዳንዱ፣ «በቃ፣ ተውት!» እስከ ማለት ደረሰ። እርከን በመካብ የታወቁ አንድ አረጋዊ ገበሬ መጥተው ፍራሹን አዩና ሳቅ አሉ። «ልጆቼ፣ ድንጋይ ደረደራችሁ እንጂ ካብ አልካባችሁም» አሉን። ከዚያም የሚከተለውን አስተማሩን።

ሀ. መሠረቱ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ድረስ ይቆፈራል።
ለ. ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይሆናል።
ሐ. ካቡ ከታች ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል።
መ. ሁለት ድንጋይ በተገናኘበት ላይ አንድ ድንጋይ ይጋደምበታል።
ሠ. ጎርፍ በሚመጣበት በኩል ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ ይተውለታል።

የፈረሰውን በዚህ ዓይነት እንደገና ካብን። ከዚያ ወዲህ አልፈረሰም።

4. የአንዲት ላም ነገር

ካቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ባልቴት መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ሥራችንን ካዩ በኋላ እንዲህ አሉን።

«ልጆቼ፣ ሥራችሁ መልካም ነው። እኔን ግን አላሰባችሁም። አንዲት ላም አለችኝ። አገሩ ሁሉ ተዘርቶ የት ላሰማራት? በክረምት ስትግጥ የኖረችው እዚህ ነው። ጨውና በርበሬ የምገዛው ቅቤዋን ሸጬ ነው።»

ከመካከላችን አንዱ፣ «ለአንዲት ላም ብለን ሥራው ይቁም እንዴ?» ብሎ አጉረመረመ። እሳቸውም ሰምተውት ዝም ብለው ሄዱ። ያን ዕለት ማንኛችንም ደስ ብሎን አልሠራንም። የአቅመ ደካማ ቤት የምንከድን ሰዎች የአንዲት አቅመ ደካማ እንጀራ ልንዘጋ ነበር።

በማግስቱ ቄሰ ገበዙ፣ የአጥቢያው ሽማግሌዎችና እኛ ተሰብስበን ተነጋገርን። ባልቴቷም ተጠርተው ተቀመጡ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ከብት ወደ አጸዱ አይገባም። ሣሩ ግን በከንቱ አይቀርም፤ በማጭድ ታጭዶ ይወጣል። መጀመሪያ የሚሰጠውም ልጅና ረዳት ለሌላቸው ነው። ለባልቴቷ በየቀኑ አንድ ሸክም ሣር አጭዶ ማድረስ የእኛ ተራ ሆነ። ከችግኝ አጠገብ ያለው ሣር ችግኙን እንዳይቆርጥ በእጅ ይነቀላል።

ላሟ በደጅዋ ታስራ መብላት ስትጀምር ሌላም ጥቅም ታየ። እበቷ ባንድ ቦታ እየተጠራቀመ ለጓሮ አትክልት ፍግ ሆነ።

5. እንዴት ተከልን?

በዚህ ዓመት 600 ሳይሆን 200 ችግኝ ብቻ ተከልን። ልንጠብቅ የምንችለው ያን ያህል ስለሆነ ነው። የመረጥነውም የአጸዱን ነባር ዛፎች ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ቢያድግም ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ ከምንጭና ከእርሻ ቢርቅ ይሻላል።

ጉድጓዶቹን አስቀድመን በሰኔ ቆፈርን። ስፋታቸውም ጥልቀታቸውም 40 ሳንቲ ሜትር ነው። የላይኛውን ለም አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አስቀመጥን። በሐምሌ አጋማሽ መሬቱ በደንብ ሲርስ ተከልን። ላስቲኩን በምላጭ ቀደን፣ በሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር ሳይፈርስ አስገባነው። ለሙን አፈር ከታች መልሰን በእግራችን ጠቅጠቅ አደረግን። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ጎዘጎዝን። ካቡ እስኪያልቅም ቀን ቀን በተራ ጠበቅን።

ከዚያ አንድ ደብተር ገዛን። በየችግኙ ቁጥር፣ የዛፉን ስምና የሚጠብቀውን ቤተሰብ ስም ጻፍን። እያንዳንዱ ቤተሰብ ፊርማውን አኖረ። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የለዩት እኒያ ባልቴትም እርሳሱን ተቀብለው፣ ቀስ እያሉ ስማቸውን ጻፉ። «እንግዲህ ጣቴን ቀለም አላስነክርም» አሉን። የደረሰቻቸው አንዲት ወይራ ናት።

6. እረኞቹ

ካብ ቢኖርም በር አለው። በሩን የሚከፍትም የሚዘጋም ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ከከብት ጋር የሚውሉት እረኞች ካልተባበሩ ድካማችን ከንቱ እንደሚሆን አወቅን። ስለዚህ በሥራችን የመጨረሻ ቀን፣ ነሐሴ 12፣ በቡሄ ዋዜማ፣ የአጥቢያውን እረኞች ጠራን። እናቶቻችን ሙልሙል ጋገሩላቸው። ጅራፋቸውን አጮኹ፣ ጨፈሩ፣ በሉ። ከዚያም እያንዳንዱ እረኛ አንድ አንድ ችግኝ መረጠ። በመካከላቸው ያለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ፣ «የኔን ላም ብትበላብኝስ?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኛው፣ «እኔ እመልስልሃለኋ!» አለው። ይህ ከካቡ የበለጠ አጥር ሆነልን።

7. ከዚህ ምን እንማራለን?

በተከታዩ ሚያዝያ ከቄሰ ገበዙ ጋር እንደገና ቆጠርን። ከ200ው 148 በሕይወት ተገኘ። 52ቱ ግን ደርቀዋል። አንዳንዱን ምስጥ በላው፤ ለአንዳንዱ በበጋ ውሃ ያመላለሰለት አልነበረም። ባዶ የሆኑትን ጉድጓዶች በሰኔ አዘጋጅተን በሐምሌ ለመተካት ወሰንን። ደብተሩም ይቀጥላል።

እንግዲህ 600 ተክለን ያተረፍነው 41፣ 200 ተክለን ያተረፍነው 148 ነው። ልዩነቱ የወጣቶቹ ጉልበት አይደለም፤ ሠራተኞቹ ያው እኛው ነን። የአንድ ወር ሥራ ፍሬ የሚሰጠው ለቀሩት አስራ አንድ ወራት ባለቤት ሲገኝለት ነው። ባለቤት የሚገኘው ደግሞ ሥራው የማንንም ድሃ ጉሮሮ ሳይዘጋ፣ ሁሉም ተማክሮበት ሲሠራ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በአካባቢህ ክረምት መጥቶ ወጣቶች ለሥራ ሲሰበሰቡ አብረህ ውጣ። ስትመለስ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ነገስ ማን ይጠብቀዋል?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመጀመሪያው ዓመት የተተከሉት ችግኞች ያልጸደቁት በምን በምን ምክንያት ነው?
2. ካብ ሲካብ ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ የሚተወው ለምንድን ነው?
3. ባልቴቷ ባይጠሩና ባይጠየቁ ኖሮ ምን ይደርስ ነበር ትላላችሁ?
4. በቀበሌያችሁ ተሠርቶ ጠባቂ ያጣ ሥራ አለ? ማን ሊጠብቀው ይችላል?

የቃላት ፍች

አጸድ — በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ዛፍና ቅጥር
ቄሰ ገበዝ — የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚጠብቅ ካህን
ካብ — ያለ ጭቃ በድንጋይ ብቻ የተሠራ አጥር
ባልቴት — በዕድሜ የገፋች ሴት
ፍግ — ለመሬት ማዳበሪያ የሚሆን የከብት እበት
ጸደቀ — ችግኙ ሥር ይዞ አደገ