ቡና የሚጠጣበትና መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት

አንባቢ ሆይ፤ ቡና ቤት የሚለውን ስም በከተማ ብትሰማ አስቀድሞ ወደ አሳብህ የሚመጣው ቡና አይደለም፤ ቢራና አረቄ ነው እንጂ። ስሙ ከቡናው ተለይቶ ወደ ሌላ መጠጥ ከዞረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ በመቱ፥ በጎሬ ወይም በሁሩሙ ያለች ቤተ ክርስቲያን ቡናና መጻሕፍት የሚሸጡበትን ቤት ልትከፍት ባሰበች ጊዜ፥ ይህ ቤት በመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች በምን ይለያል ብላ ራስዋን ልትጠይቅ ይገባታል። ልዩነቱ በግድግዳው ላይ ጥቅስ በመለጠፍ ብቻ ከሆነ፥ የቀለም ልዩነት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቡናው እንናገር። የኢሉባቦር ሰው ቡናን ከጫካ ለቅሞ፥ በቤቱ ቆልቶና ወቅጦ፥ በጀበና አፍልቶ የሚጠጣ ነው። ይህን ሰው በመጥፎ ቡና ማታለል አይቻልም። የተቆላ ገብስ ቢቀላቀልበት ከአንድ ጉንጭ በኋላ ያውቀዋል፤ በአፉ ባይናገርም ሁለተኛ አይመለስም። ደግሞ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ከአንድ ዱቄት የሚፈሉ መሆናቸውን ሁላችን እናውቃለን። በረካውን አቦል ነው ብሎ በአቦል ዋጋ የሚሸጥ ሰው ሐሰተኛ ሚዛን ከያዘ ነጋዴ አይለይም፤ የሙሴ ሕግ ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ ያዘዘው ለስኒም ያገለግላል። ቡናውን የምታፈላውም ሴት ሥራው መንፈሳዊ ነው እየተባለ ደመወዝዋ ሊቀነስባት አይገባም። ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነው ተብሎ ዋጋዋ የሚጓደልባት ከሆነ፥ ከጎረቤቱ መጠጥ ቤት የተሻለ አልሆነም።

ቡናና ቤተ ክርስቲያን በአገራችን ሁልጊዜ ወዳጆች አልነበሩም። በቀድሞ ዘመን ብዙ ካህናት የእስላም መጠጥ ነው ብለው ይነቅፉት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ስለ ጠጡትና አቡነ ማቴዎስም ነቀፌታው እንዲቀር ስለ ደከሙ ነገሩ ተለወጠ። ቡናና ንባብ ግን ከጥንት ይስማማሉ። በሎንዶን ከተማ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1652 የመጀመሪያው የቡና ቤት ከተከፈተ ወዲህ፥ ሰዎች በአንድ ሳንቲም ቡና ገዝተው ጋዜጣ እያነበቡ ይከራከሩ ነበር።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። እኔ አንድ ጊዜ በሌላ አገር እንዲህ ካለ ቤት ገብቼ ነበር። መጻሕፍቱ በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቆልፈው አየሁ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ገበያ ሄዷል ተባልሁ። ቡናዬን ጠጥቼ መጻሕፍቱን ከሩቅ አይቼ ወጣሁ። መጽሐፍ ሊነካና ሊገለጥ ያስፈልገዋል። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ሦስት ገጽ አንብቦ ቢሄድ ምን ይጎድላል? ወደ መቱ ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች ከመኝታ ቤታቸው ጫጫታ ሸሽተው የሚቀመጡበት ስፍራ ይፈልጋሉ።

ምን ዓይነት መጻሕፍት ይቀመጡ ለሚል ሰው ከዚሁ አገር የተወለዱ መምህር አሉ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በሁሩሙ አጠገብ ተወልደው፥ በሕፃንነታቸው ተሰርቀው ለባርነት ተሸጡ፤ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1870 በምፅዋ ነፃ ወጡ። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው በ1894 በምኩሉ ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የሕዝቡን ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን የያዘ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ የታተመው ከዚያ በኋላ በ1899 ነው። እነዚህ ሰዎች ሕዝቡ የራሱን ቃል በመጽሐፍ እንዲያገኝ አድርገዋል። እንግዲህ መደርደሪያውን በስብከት ወረቀት ብቻ የሚሞላ ሰው ከእነርሱ አልተማረም። ተረት፥ የእርሻና የጤና መጽሐፍ፥ መዝገበ ቃላት፥ የተማሪ መጽሐፍም ይኑሩበት።

አንድ ችግር ደግሞ አለ። ያ የቀድሞው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የታተመ ነው። በ1991 ቋንቋው በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ በኋላ የተማሩት ልጆች የላቲኑን ፊደል ያነባሉ። በአንድ ቤት ውስጥ አያት የልጅ ልጁን መጽሐፍ፥ የልጅ ልጁም የአያቱን መጽሐፍ ማንበብ ያቅተዋል፤ የሚናገሩት ግን አንድ ቋንቋ ነው! ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ቤት በከተማው ውስጥ ሌላ ሰው ያልሠራውን ሥራ ይሠራል።

የሚያስተናግደው ሰው ጠባይስ እንዴት ይሁን? ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ በቀረበ ጊዜ ወዲያው መስበክ አልጀመረም። አስቀድሞ ሲያነብ ሰማው፤ ቀጥሎ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ በሠረገላው ላይ የተቀመጠውም ሲለመን ነው። ቡና ሊጠጣ የገባውን ደንበኛ ስኒው ሳይቀዳለት ስለ ነፍሱ የሚጠይቅ አስተናጋጅ ይህን ሥርዓት አፍርሷል፤ ሰውየው እስላምም ቢሆን፥ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅም ቢሆን፥ ቡናውን በሰላም ሊጠጣ መብት አለው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዱ ጠረጴዛ ለሽማግሌዎችና ለልጆች ይለቀቅ። ሽማግሌው ከግዕዝ ፊደሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ልጁ በቁቤው ይከተለው፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ልጁ ያንብብ። የዚያን ጠረጴዛ ቡና ቤቱ ይክፈል።