የዓሣ ማጥመጃ ዘንግን በገዛ እጅ ስለ መሥራት

ዓሣ ማጥመድ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መንጠቆ ላይ ትል ሰክቶ ሐይቅ ዳር የሚጠብቅ ሰው ነው። እዚህ የምናጠናው ግን ፈረንጆች «ፍላይ ፊሺንግ» የሚሉትን ነው፤ ይኸውም ላባና ክር ተጠቅልሎበት ዝንብ በመሰለ መንጠቆ፣ በተለይ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ማጥመድ ነው። ይህ ዓሣ በአገራችንም አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቅቋል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ እናንሣ። ላባ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ ሩቅ አይሄድም፤ ታዲያ ይህ መንጠቆ እንዴት ወንዝ ይሻገራል? የሚወረወረው መንጠቆው ሳይሆን ገመዱ ስለ ሆነ ነው። አምስት ቁጥር የሚባለው ገመድ የፊተኛው 30 ጫማ (9.14 ሜትር) 140 ግሬን፣ ማለትም 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ገመዱ ከኋላ ተዘርግቶ እጅ ወደ ፊት ሲነዳው ክብደቱ ዘንጉን ያጎብጠዋል፤ ዘንጉም ሲቃና ገመዱን ይወረውረዋል። እንግዲህ ዘንጉ በትር አይደለም፣ ሞላ ነው። ሠሪው የሚጨምርበት እያንዳንዱ ግራም፣ ይልቁንም ጫፉ አካባቢ፣ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል።

ቀድሞ የተመረጠው ዘንግ ከቻይና በሚመጣ የቶንኪን ቀርከሃ ይሠራ ነበር፤ ስድስት ስንጥሮች ባለ 60 ዲግሪ ሦስት ማዕዘን ሆነው ተጠርበው ይጣበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ ከቻይና ጋር ንግድ ስታግድ የቀርከሃው መንገድ ተዘጋና ፋይበርግላስ ገበያውን ያዘ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ካርቦን ፋይበር መጣ። የዓሣ አጥማጅ ዘንግ እንኳ ከፖለቲካ አያመልጥም!

በቤት የሚሠራ ሰው ባዶውን የካርቦን ዘንግ ገዝቶ ይጀምራል፤ የተለመደው 9 ጫማ ርዝመት ያለው ባለ አራት ቁራጭ ነው። መያዣው ከቡሽ ቀለበቶች ተጣብቆ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ለእጅ እስኪመች ይፈገፈጋል። ይህ ቀላል ስለ ሆነ አንቆይበትም።

ገመዱ የሚያልፍባቸው የሽቦ ቀለበቶች ግን ማሰብ ይጠይቃሉ። ብዙ ሠሪዎች፣ የጫፉን ሳይጨምሩ፣ ለእያንዳንዱ ጫማ አንድ ቀለበት ይቆጥራሉ፤ ወደ ጫፉ በቀረቡ መጠን ይቀራረባሉ። ዘንጉ በአንድ ወገን ስለሚጠነክር ያን ወገን ፈልጎ በዚያ መስመር ማሰር ግዴታ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ቀለበቶቹን በፕላስተር ለጊዜው ለጥፎ፣ ገመድ አስገብቶ ዘንጉን ማጉበጥ ይሻላል። ገመዱ ከጉብጠቱ ርቆ ቀጥ ብሎ የተወጠረበት ቦታ ካለ፣ ቀለበቱ ይዛወራል።

የሥራው ልብ ማሰሩ ነው። የቀለበቱ እግር ጫፍ በሞረድ ይሳሳል፤ አለዚያ ክሩ እግሩ ላይ ሲወጣ ክፍተት ይተዋል። የካርቶን ሣጥን ሁለት ጎኑ ተሸንቁሮ ዘንጉ ይጋደምበታል። የክሩ ጥቅል ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጥና ክሩ በወፍራም መጽሐፍ ገጾች መካከል ያልፋል፤ የሚወጥረው የመጽሐፉ ክብደት ነው። (የካልኩለስ መጽሐፍ ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው።) ክሩ በገዛ ጫፉ ላይ ተሻግሮ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚዞረው ዘንጉ ነው። ስምንት ዙር ያህል ሲቀር የታጠፈ ሌላ ክር ከሥር ይገባል፤ ዋናው ክር ተቆርጦ በማጠፊያው ውስጥ ያልፋል፣ ማጠፊያው ሲሳብም ጫፉ ከዙሮቹ ሥር ይቀበራል። ትርፉ በምላጭ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ምላጩ አልፎ ካርቦኑን ከጫረው ዛሬ ምንም አይታይም፤ ትልቁ ዓሣ በተያዘ ቀን ግን ዘንጉ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ቀለበቶቹ በአንድ ዓይን ታይተው መስመር ከያዙ በኋላ፣ ክሩ ላይ ባለ ሁለት ፈሳሽ ኤፖክሲ ይቀባል። ልኩ ከተዛባ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጣብቅ ይኖራል። ቆዳን ስለሚጎዳ ጓንት ይደረግ፣ መስኮትም ይከፈት። እንዳይንጠባጠብ ዘንጉ በየጥቂት ደቂቃው፣ ለሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ይገላበጣል፤ ከክፍል ጓደኛ ጋር ተራ መግባት ነው። ከዚያ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይነካ ይደር።

የመጀመሪያው ሙከራ በኳስ ሜዳ ሣር ላይ ይሁን። አስፋልት ገመዱን ይልጠዋል፤ በመንጠቆው ፈንታም ቁራጭ ቀይ የሱፍ ክር ይታሰር፣ ተመልካች አይጠፋምና።