አባታችን ኦፕራሲዮኑን ይችሉታል?

የዛሬው ጽሑፍ ቤቱ ውስጥ የደረት ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ ሰው ላለው ነው። የሳንባ ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ቫልቭ፣ ቲቢ ያበላሸው ሳንባ፣ ወይም በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር።

ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ዶክተር፣ በዚህ ዕድሜያቸው ይችሉታል?" ብሎ ነው። ዕድሜ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። በየማለዳው ዳገት ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ስመው የሚመለሱ የ75 ዓመት አዛውንት፣ 3 ወር ሙሉ ፈሳሽ ብቻ ሲወርድለት ከቆየ የ50 ዓመት ጎልማሳ በተሻለ ሊቋቋሙት ይችላሉ። ልዩነቱ መጠባበቂያ አቅም ላይ ነው። ይህ አቅም ሲሟጠጥ በሕክምና ፍሬይልቲ እንለዋለን። ሮቶ ያለውንና የሌለውን ቤት አስቡት፤ ቧንቧው ውሃ እስካለው ድረስ ሁለቱ ቤቶች አይለዩም። ውሃ የጠፋ ቀን ነው የሚታወቀው። ኦፕራሲዮን ማለት ለሰውነት ውሃ የጠፋበት ሳምንት ነው።

ደረት ደግሞ የባሰ ነው፤ ቁስሉን እያንዳንዱ ትንፋሽ ያንቀሳቅሰዋል። ሲያመው ሰው ትንፋሹን ያሳጥራል፣ ለመሳል ይፈራል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። አክታን ስሎ ለማውጣት ጡንቻ ያስፈልጋል። ከወንበር መነሳት ያቃተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመተንፈሻ ጡንቻውም አብሮ ደክሟል።

ታዲያ እንዴት ይለካል? ሲቲ ስካን፣ ኢኮ፣ የሳንባ አቅም ምርመራ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ፍሬይልቲን ግን በወንበርና በስልካችሁ ሰዓት መገመት ይቻላል። 5 ሜትር በተለመደ እርምጃቸው ሲሄዱ 6 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው ቀርፋፋ እንለዋለን፤ የልብ ቀዶ ጥገና በሚደረግላቸው አዛውንቶች ላይ ይህ ከከፍተኛ አደጋ ጋር እንደሚያያዝ በጥናት ታይቷል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር 5 ጊዜ ተነስተው ለመቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸውም የእግር ጡንቻ ደክሟል ማለት ነው። (ስትሞክሩ አጠገባቸው ቁሙ፣ እንዳይወድቁ! ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወይም ደረታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት።) እኛ ደግሞ የእጅ ጭብጥ ጥንካሬን፣ ድካምን፣ በ1 ዓመት ውስጥ ሳይፈለግ የቀነሰ ክብደትን እንጨምራለን፤ 4.5 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሳስበናል። ማስታወስንም እናያለን። 3 ቃል ሰጥተን ቆይተን መጠየቅ ጥሩ ነው። ሰዓት ሳሉ የሚለው ፈተና ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ እርሳስ ይዘው ለማያውቁ እናት ፍትሐዊ አይደለም።

በጣም የሚያስቸግረኝ የጥያቄው ክፍል ነው። "ራሳቸው ይለብሳሉ? ራሳቸው ይታጠባሉ?" ስል ልጆች ተሽቀዳድመው "አዎ፣ ጠንካራ ናቸው!" ይላሉ። በእኛ ቤት ግን ታላቅ ሰው ውሃ አይቀዳም፣ ጫማውን ልጅ ያስርለታል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ እጁን እንኳ ያስታጥቡታል። አክብሮት ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን አባታችሁ ይህን ማድረግ ትተው ነው ወይስ አቅቷቸው? ብዙ ጊዜ ቤተሰቡም አያውቀውም። ክብደቱንም ጋቢ ይሸፍነዋል፤ "ጾም ስለነበር ነው" ይባላል። የቀበቶ ቀዳዳ ስንት እንደጨመረ እዩ፤ እሱ አይዋሽም።

አንዳንዱ ደግሞ እያወቀ ይደብቃል፣ "ዶክተሩ አይሆንም ቢለንስ" ብሎ። ስንለካ ለመከልከል ብቻ አይደለም፣ ለማዘጋጀትም ነው። በጣም የተጎዳን ሰው ከ1 እስከ 2 ሳምንት መግበን ብናስገባው፣ ካንሰርም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ቀጠሮውን ማዘግየት ግን የሐኪሙ ውሳኔ ይሁን፤ በራሳችሁ አታራዝሙ።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ 50 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ60 እስከ 75 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ቢኖረው ነው። ስለዚህ አጥሚትና የሾርባ ውሃ ብቻ አይሞላውም። እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ምስር፣ ወፈር ያለ ሽሮ ስጧቸው፤ ጾም ከሆነ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ። የኩላሊት ሕመም ካለ ቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ምግብ የማይወርድላቸው ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በቱቦ መመገብ ይቻላል። ሲጋራ ካለ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ ይቁም። በየቀኑ ይራመዱ፣ ጠለቅ አድርጎ መተንፈስና መሳል ከአሁኑ ይለማመዱ። ደም ማነስ ካለ ይታከም።

አንዳንዴ ይህ ሁሉ ተደርጎም አቅሙ አይመለስም። ያኔ ትልቁን ትተን አነስ ያለ ኦፕራሲዮን፣ ጨረር፣ ወይም የምግብ ቧንቧን የሚከፍት ስቴንት እናስባለን። ይህን ምርጫ ለማን ነው የምናቀርበው? እዚህ ላይ ልጆች በር ላይ ይይዙኝና "ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን እንዳትነግራቸው" ይሉኛል። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ምን እንደሚጠብቃቸው ያልተነገራቸው አባት፣ እያመማቸው ለምን ግቢውን 10 ጊዜ ይዞራሉ? ሳይርባቸው ለምን ሦስተኛውን እንቁላል ይበላሉ? ለቀጣዩ ቀጠሮ እሳቸው ራሳቸው የሚመልሱበት ጊዜ ስጡን፤ መነጽራቸውንና የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያቸውን፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ኑ።