የሐዲስ መጽሐፍ ለምን በአባታቸው ስም ተመዘገበ?

አንድ ተማሪ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሊዋስ ፈልጎ፣ በላቲን ፊደል ወደ ተዘጋጀ አሮጌ የካርድ ሣጥን ሄደ እንበል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸውና «ሐዲስ» ከሚለው ዘንድ ካርዱን አንድ በአንድ ያገላብጣል። የለም። መጽሐፉ ግን በመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ካርዱ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብሎ በሌላ መሳቢያ ገብቷል። ልጅ የጻፈውን አባት ወሰደው ማለት ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ «ዋና መግቢያ» የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ለአንድ መጽሐፍ በደራሲው፣ በርእሱና በትምህርቱ ዓይነት ብዙ ካርድ ሊጻፍለት ይችላል፤ ከእነዚህ አንዱ ዋና ይባላል። ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ድርሰቱን ባመነጨው ሰው ስም ይቆማል። አንድ ደራሲ የጻፋቸው መጻሕፍት ሁሉ ባንድ ስፍራ እንዲሰበሰቡ ነው። ደራሲው በርግጥ ያልታወቀ፣ እንደ ክብረ ነገሥት ያለው፣ በርእሱ ይገባል።

እንግዲህ የፈረንጅ መዝጋቢ የመጨረሻውን ስም የሚያስቀድመው የቤተ ሰብ ስም ስለ ሆነ ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ. ም. በፓሪስ የተሰበሰበው ጉባኤ፣ የደራሲው ስም ዜጋ በሆነበት አገር ልማድ መሠረት ይመዝገብ ሲል ወሰነ። ስለዚህ ሐዲስ በሐዲስ ነው የሚገቡት።

ይህም ሆኖ ችግሩ አላለቀም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን እንውሰድ። ማዕረጉን ያስቀደመ ሰው በ«ብ» ይመድባቸዋል። የመጨረሻውን ቃል የያዘ ደግሞ «ሥላሴ» ብሎ ወልደን ከሥላሴ ይለያል፤ አባትየውንም እንኳ በትክክል አልጠራም። (እኒህ ሰው በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት ዘርዝረው ያሳተሙ መሆናቸው ያስገርማል።) የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ግን በ«ገ» ይገባሉ፤ ለእርሳቸው ሁለቱ ቃላት አንድ ሆነው የገዛ ስማቸው ናቸውና።

የፊደሉም ነገር አለ። ኅሩይን አንዱ በ«ኅ»፣ ሌላው በ«ህ» ይጽፈዋል። መዝጋቢው አንዱን መርጦ በሌላው ስፍራ «ህሩይ፤ ኅሩይን ተመልከት» የሚል ካርድ ያኖራል። ዛሬ ኮምፒዩተር ካርዱን በብዙ ቦታ ተክቶታል፤ ነገር ግን መኪናው የሚያገናኘው መዝጋቢው አስቀድሞ ያገናኘለትን አጻጻፍ ነው።