ቤት ከቀየሩ በኋላ የት ይመርጣሉ?



ከአፉላ ወደ ሃይፋ፣ ልጅዎ አጠገብ መጡ እንበል። አርኖናውም ውሃውም በስምዎ ዞሯል፣ ኩፓት ሆሊሙም ተቀይሯል። የክኔሴት ምርጫ ሲደርስ ግን ካልፒዎ አሁንም አፉላ ነው! ካልፒ የሚመደበው በሚስራድ ሃፕኒም በተመዘገበው አድራሻ ነውና። ማዘጋጃ ቤቱ አዲሱን ቤትዎን ቢያውቅም ለዚህ አይረዳም።

«ወታደሩ የልጅ ልጄ እኮ ቀድሞ መረጠ፣ እኔስ?» የምትሉ አላችሁ። ወታደሮች በድርብ ፖስታ ቀደም ብለው ይመርጣሉ። ለእኛ ግን ቀድሞ መምረጥ የለም፤ በዕለቱ፣ በተመደበልን ካልፒ ብቻ ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው እዚያው ሊመርጥ ይችላል። መራመድ የሚቸግረው ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ልዩ ካልፒ፣ ሌላ ከተማም ቢሆን፣ በድርብ ፖስታ ይመርጣል፤ ያውም በዚያው ቀን።

የመራጮች መዝገብ ከምርጫው ሳምንታት በፊት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አድራሻ የቀየረ በአሮጌው ቦታ ነው የሚመርጠው። «ምርጫ ሲታወጅ እቀይራለሁ» አትበሉ፤ ከ2019 እስከ 2022 ብቻ 5 ጊዜ ነው የተመረጠው፣ ማን ቀኑን ያውቃል? ሕጉ ራሱ በ30 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። በኢንተርኔትም ይቻላል፣ ልጆቻችሁ ያግዟችሁ። ሲጨርሱ በተዑዳት ዜሁቱ ሴፋሕ ላይ «ሃይፋ» መጻፉን አስነብቡ።

በምርጫው ቀን ተዑዳት ዜሁት አትርሱ። ዓይናችሁ ወይም እጃችሁ ከደከመ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሚያግዛችሁን ሰው ራሳችሁ መርጣችሁ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። የምትኖሩበት የአረጋውያን ቤት ሠራተኛ ግን አይፈቀድለትም።